ከሾፌሩ ወንበር ስር

«ደረስሽ?»

የሃምሳ አለቃ ድምፅ የመጣው ከውጭ፣ ከወፍራሙ ብረት ማዶ ነው። መርፌ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ጭንቅላቷንና ቀኝ እጇን ከሾፌሩ ወንበር ስር ባለው ጠባብ ቀዳዳ አሳልፋ፣ ትከሻዋ ላይ ስትደርስ ተቀርቅራ ቀርታለች። ግንባሯ ላይ ያሰረችው ባትሪ የሚያሳያት አንድ ክንድ የማይሞላ ጨለማ ብቻ ነው። በዚያ ጨለማ መጨረሻ የመሪው ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ደግሞ ዘንጉን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ።

ባለፈው ወር በዚችው ቀዳዳ እንደ ዓሣ ሙልጭ ብላ ነበር ያለፈችው። ዘንጉን አገናኝታ፣ ዳዶውን በጣቷ ጥቂት ዙር አዙራ የተወችውም እሷ ናት። የቀረው መሪው ተስተካክሎ ሲያልቅ በቁልፍ ማጥበቅና እንዳይፈታ በፒን መቆለፍ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ትከሻዋ እምቢ አለ። ትንፋሿን ሁሉ አስወጥታ፣ ደረቷን አጥብባ ገፋች። የብረቱ ጠርዝ አጥንቷ ላይ ተተከለ። እጇን እስኪያማት ዘረጋች። ቁልፉ ዳዶው ላይ አረፈ፤ ለማዞር ግን ክርኗ ማለፍ አለበት፣ ክርኗ እንዲያልፍ ደግሞ ትከሻዋ መግባት አለበት።

«አንቺ መርፌ! ደረስሽ ወይስ እንቅልፍ ወሰደሽ?»

ውጭ ሳቅ ተሰማ። ስምንት ሰው ቆሞ እየጠበቃት ነው።

«ደረስኩ!» አለች።

«በይ ጥብቅ አድርጊው! በሙሉ ጉልበትሽ!»

መርፌ ቁልፉን ከዳዶው ላይ አንስታ አጠገቡ ያለውን ብረት መታችበት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ዳዶ የምታጠብቅ ይመስላል። ለምን እንዳደረገችው እሷም አላወቀችም፤ ዝም ብሎ እጇ ቀደማት።

«ጠበቀ?»

ላቧ በጆሮዋ በኩል ተንቆረቆረ። «ጠበቀ!»

«ፒኗስ?»

ፒኗ ግራ እጇ ውስጥ ነበረች፤ የክብሪት እንጨት የምታህል፣ ጫፏ እንደ ሹካ የተከፈለ ብረት። መርፌ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

«ቆልፌያታለሁ!»

ወደ ኋላ እየተንፏቀቀች ስትወጣ ጭብጨባ ተቀበላት። አንዱ ውኃ አቀበላት፣ ሌላው ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ በአንድ ዓይናቸው ጠቀሷት። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ በውትድርና ዘመናቸው ሁሉ ከባድ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የሙዚየሙ ወርክሾፕ ኃላፊ ሆነው ከትምህርት በኋላ የሚመጡትን ልጆች ያሠራሉ።

«ይኸው!» አሉ የብረቱን ጎን በመዳፋቸው መታ እያደረጉ። «እሜቴ ዛሬ ሙሉ ሰው ሆነች።»

እሜቴ የሚሏት ብረት ለበሷን መኪና ነው። ሰባት ቶን ትመዝናለች፤ አራት ጎማ፣ አናቷ ላይ ክብ መውጫ፣ ከፊቷ ሁለት ጠባብ የማያ ቀዳዳዎች አሏት። ከአሥራ አራት ወር በፊት በጭነት መኪና ተጎትታ ስትመጣ ዝገቷ በእፍኝ ይረግፍ ነበር፤ ሞተሯ ላይ ዶሮ ታቅፋ ስምንት እንቁላል ተገኝቷል። የመርፌ ትምህርት ቤት ልጆች ሊያዩዋት የመጡ ቀን ሃምሳ አለቃ ካቻቢቴያቸው በወንበሩ ስር ወዳለው ጉድጓድ ወድቆባቸው ይራገሙ ነበር። ክንድም፣ ማግኔትም፣ ሽቦም አላወጣውም። ያኔ ከልጆቹ ሁሉ ቀጭኗ፣ ማንም ስሟን የማይጠራት ልጅ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ገባች፣ ይዛው ወጣች። «ይህቺ ልጅ አይደለችም፣ መርፌ ናት!» አሉ ሃምሳ አለቃ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መርፌ ሆነች፤ በወርክሾፑም፣ በክፍሏም፣ በሰፈሯም።

«መሪ፣ የግራ ዘንግ፣ ዳዶና ፒን» ብላ ጮክ ብላ አነበበች ሬዲዮ። ሬዲዮ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ስሙ የወጣላት አንዴ ከከፈቷት ስለማትዘጋ ነው። የሥራውን ዝርዝር የምትይዘው እሷ ናት። ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት ለፊት ሁለት ሣጥን አለ፤ በአንዱ ላይ «ሠራሁ»፣ በሌላው ላይ «አየሁ» ይላል። የሚያየው ሰው ከሠሪው ሌላ መሆን አለበት፤ የሃምሳ አለቃ ሕግ ነው።

ሬዲዮ ሁለቱም ላይ ምልክት አደረገች። «አንቺ ሠራሽ፣ እኔ አየሁ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ማን አለ?» ብላ ሳቀች።

መርፌም ልትስቅ ሞከረች።

*

እናቷ በልብስ መስፊያ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ቀን ቀን የልብስ ስፌት ቤት ይሆናል፣ ማታ ማታ የመርፌ መኝታ።

«ነይ እስቲ ቁሚ፣ ቱታሽን ልለካው» አለች እናቷ ሜትሩን ከአንገቷ እያወረደች። «ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሊያይሽ አይደል? ቁርጭምጭሚትሽ ወጥቶ ጅራፍ የያዝሽ እረኛ መምሰል የለብሽም።»

«ይሁን እማዬ፣ ተይው።»

«ቁሚ አልኩሽ! ምን ያጎብጥሻል? ቀጥ በይ።»

መርፌ ቀጥ አለች። ሁለት ወር ሙሉ ስታጎነብስ የኖረችው ለምን እንደሆነ እናቷ አታውቅም። ሜትሩ ከእግሯ እስከ ወገቧ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻዋ ሄደ።

«በስመ አብ! ባለፈው ከለካሁሽ አራት ጣት ጨምረሻል። ትከሻሽማ በቃ የአክስትሽን ሆኗል። እሰይ የኔ ልጅ! ስፌቱንም ከአሁኑ በሁለት ቦታ ተርትረሽዋል።»

«ምን እሰይ ያሰኛል?» አለች መርፌ።

እናቷ ሜትሩን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። «ሰው አደግሽ ሲባል ይቆጣል እንዴ?»

መርፌ ውኃ ልጠጣ ብላ ተነሳች፤ ሳትጠጣ ተመለሰች። መጽሐፍ ገለጠች፤ ዘጋችው። መስኮቱን ከፈተች፤ በረደኝ ብላ ዘጋችው።

«ኧረ ልጄ፣ አንድ ቦታ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ!» አለች እናቷ።

ፒኗ ከቱታው ኪስ ወጥታ አሁን እርሳስ መያዣዋ ውስጥ ናት። መርፌ ለራሷ ነገ ቀድሜ እሄዳለሁ፣ ማንም ሳይመጣ አጠብቀዋለሁ፣ ያኔ ውሸቱ ውሸት አይሆንም አለች። ይህን ከወሰነች በኋላም አልተረጋጋችም።

*

ዓርብ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ እግሯ አልቆም አለ። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፣ የፊተኛው ልጅ ዞሮ አያት፣ መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ፣ ወንበሩ ምን አደረገሽ?»

ክፍሉ ሳቀ። መርፌ እግሯን በእጇ ያዘች።

በእረፍት ሬዲዮን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ወሰደቻትና በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጣች። ከዚያ ግን ቃሉ ሁሉ አንድ ላይ መጣ።

«አታካብጂ እሺ! አንድ ዳዶ ነው፣ ደግሞ በእጅሽ አጥብቀሽዋል አይደል? የምትሄደው እኮ ሁለት መቶ ሜትር ናት፣ ያውም በሰው እርምጃ። ከዚያ ተመልሳ ሙዚየም ውስጥ ገብታ ለዘላለም ትቆማለች።»

«በእጄ ያዞርኩት ጥቂት ዙር ነው። ፒኗም አልገባችም።»

«ታዲያ ምን ልትይ ነው? ሃምሳ አለቃ ይቅርታ፣ ዋሽቼ ነበር ልትዪ? በመጨረሻው ቀን?» ሬዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የፊቱ ብረት ካልተፈታ ሌላ ሰው እዚያ አይደርስም። ሃያ አራት ብሎን! ሁሉም ዝጎ የነበረ፣ ሁሉም ቀለም የተቀባ። ቅዳሜ ቀረ ማለት ነው። የሃምሳ አለቃ መንጃ ፈቃድ ደግሞ በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። በዚያ ደካማ ዓይናቸው ማን ያድስላቸዋል? እሜቴን የሚነዱባት ቀን ቅዳሜ ብቻ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«እኔስ? አየሁ ብዬ ምልክት ያደረግኩት እኔ አይደለሁም? አንቺ ስትወድቂ እኔንም ይዘሽኝ ነው የምትወርጂው። አቦ፣ ቀሽም አትሁኚ።»

ደወሉ ተደወለ። ሬዲዮ ሳትጠብቃት ሄደች።

ከትምህርት በኋላ መርፌ ሮጣ ከሁሉም ቀድማ ወርክሾፑ ደረሰች። ጃኬቷን አወለቀች፣ ትከሻዋን ግራሶ ቀባች፣ ገባች። ትከሻዋ አሁንም ቆመ። በግራ ትከሻዋ ሞከረች፤ የባሰ ሆነ። ወጣችና ቁልፉን ከመጥረጊያ እንጨት ጋር በፕላስተር አሰረችው። ዳዶው ላይ ካሳረፈችው በኋላ እንጨቱን ስታዞር ፕላስተሩ ዞረ፣ ቁልፉ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወድቆ ከጉድጓዱ ግርጌ ተንኳኳ። እሱን በሽቦ ለማውጣት አሥር ደቂቃ ፈጀባት። ሃምሳ አለቃ ሲገቡ ቀና ብላ ቆማ መጥረጊያውን ይዛ ነበር።

«ጎሽ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ቤት መጥረግ የሚወድ ሰው ብልሃተኛ ነው። በይ ነይ፣ ሥራሽን ላሳይሽ።»

ቅዳሜ እሜቴ በሰው ፊት ስትወጣ፣ አናቷ ላይ ባለው ክብ መውጫ የምትቆመው መርፌ እንድትሆን ከተወሰነ ቆይቷል። ሾፌሩ ከታች ሆኖ በጠባቧ ቀዳዳ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው። የሞተሩ ጩኸት ደግሞ ሰው አያነጋግርም። ስለዚህ ከላይ የቆመው ሰው በእግሩ ነው የሚናገረው።

«ቀኝ ትከሻዬን በእግርሽ ነካ ስታደርጊኝ ወደ ቀኝ። ግራውን ስትነኪኝ ወደ ግራ። ጀርባዬን በሁለት እግርሽ ስትጫኚኝ ቁም ማለት ነው። ያኔ ለምን ብዬ አልጠይቅም፣ እቆማለሁ። ሠራዊቱ እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ ከላይ ያለው ዓይን ነው፣ ከታች ያለው እጅ።»

ሞተሩ ሲነሳ የወርክሾፑ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ጮኹ። እሜቴ ወደ ግቢው ወጣች። አምስት ሜትር ወደፊት፣ አምስት ሜትር ወደ ኋላ። ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ወደ ግራ ታጠፈች። ምንም አልሆነም። መርፌ ከላይ ሆና የፊት ጎማዎቹን ብቻ እያየች ነበር። ሬዲዮ ከታች አውራ ጣቷን አነሳችላት፤ አየሽ አይደል ማለቷ ነው።

ሃምሳ አለቃ ሞተሩን አጥፍተው ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ሃያ ዓመት የቀነሱ መሰሉ።

«መሪዋ ትንሽ ይላላል» አሉ። «ሩብ ዙር ሳዞረው ጎማው አይሰማኝም፤ ከዚያ ነው የሚይዘው። ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው። እኔም ጠዋት ስነሳ እንደዚሁ ነኝ፤ ጉልበቴን ሁለት ጊዜ ካላዘዝኩት አይሰማም።»

ሁሉም ሳቁ። ሩብ ዙሩ የዕድሜ እንዳልሆነ መርፌ ታውቃለች። አሁን ብትናገር ይሰሟታል፤ አፏንም ከፈተች። ሃምሳ አለቃ ግን የቀድሞ መለዮ ልብሳቸውን ከላውንደሪ ማውጣታቸውን፣ ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ፎቶ ልታነሳቸው እንደምትመጣ እያወሩ ነበር፤ አፏን መልሳ ዘጋችው።

*

ቅዳሜ ጠዋት የሙዚየሙ ግቢ በሰው ተሞላ። ከበሩ ውጭ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከታች ጠምዘዝ ብሎ ወደ ሰፊ ሜዳ ይገባል። በግራና በቀኝ ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ጀርባ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ በአባቶቻቸው ጫንቃ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት አሉ።

መርፌ ሰባት ቶን ብረት ላይ ቆማለች። ቱታዋ ተስተካክሏል፤ እናቷ ሌሊቱን ጨርቅ ቀጥላበታለች። ኪሷ ውስጥ ፒኗ አለች። ከእርሳስ መያዣዋ አውጥታ ለምን እንዳመጣቻት አታውቅም። መድረኩ ላይ የሙዚየሙ ኃላፊ እየተናገረች ነው፤ አሥራ አራት ወር፣ የልጆቻችን ጥረት፣ ታሪክን ከዝገት ማዳን። መርፌ ግን የምትሰማው የሬዲዮን ቃል ነው። በሰው እርምጃ ነው የምትሄደው ብላለች ሬዲዮ። ትላንት ምንም አልሆነችም። ትላንት ግን ደልዳላው ግቢ ውስጥ ነበረች።

ሞተሩ ተነሳ። ሰው አጨበጨበ። ዘበኛው ሁለቱን የብረት በሮች ገፍቶ ከፈታቸው።

ቁልቁለቱ ከላይ ሲታይ ከምታውቀው ይበልጥ ረጅም ነበር። መርፌ ዓይኗን እስከ መጠምዘዣው ላከች፤ እዚያ ላይ እናቷን አየቻት። ስፌት ቤቷን ዘግታ፣ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጥሩ ሆኖ እንዲታያት ገመዱ ከሚታጠፍበት ቦታ ፊት ለፊት ቆማለች። እጇን ከፍ አድርጋ ታውለበልባለች። አጠገቧ የማታውቃቸው ሁለት ሕፃናት ገመዱን ይዘው ይዘላሉ። መሪው የማይታዘዝ መኪና በዚያ መጠምዘዣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሚያገኘው እነሱን ነው።

ሃምሳ አለቃ ፍሪሲዮኑን ለቀቁ። እሜቴ ነቅነቅ አለች፣ ተንከባለለች። የፊት ጎማዎቿ የበሩን ደፍ ነኩ።

መርፌ ሁለቱንም እግሮቿን የሃምሳ አለቃ ጀርባ ላይ ተጫነች።

እሜቴ ቆመች። እንደተናገሩት፣ ለምን ሳይሉ አቆሟት። መርፌ ግን እግሯን አላነሳችም። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩም ጠፋ፤ ጸጥ ሲል የሰዉ ጉርምርምታ ተሰማ።

«ምን አየሽ?» አሉ ከታች። «ልጅ ገባ?»

መርፌ በመውጫው ሾልካ ወርዳ ከወንበራቸው አጠገብ ተንበረከከች። በብረቱ ውስጥ ጨለማ ነበር፤ ከማያው ቀዳዳ የገባች አንዲት መስመር ብርሃን ብቻ የሃምሳ አለቃን የመለዮ ልብስ የተወለወሉ ቁልፎች ታበራለች።

«ዳዶው አልጠበቀም» አለች።

«የቱ ዳዶ?»

«የመሪው፣ የግራው። ሐሙስ ጠበቀ ያልኩት ውሸቴን ነው። ትከሻዬ አልገባልኝም። ትላንትም ሞክሬ ነበር።» መዳፏን ዘረጋች። «ፒኗ ይቺው።»

ሃምሳ አለቃ ፒኗን አነሱ። ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርገው በደካማ ዓይናቸው አዩዋት፤ አገላበጧት። መርፌ እንዲቆጧት ጠበቀች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ትላንት ላልቷል ያልኩት...» አሉና ተዉት። ባርኔጣቸውን አነሱ፣ መልሰው ደፉ። ከዚያ የጎኑን በር ከፍተው ቀስ ብለው ወረዱ።

ኃላፊዋ በፈጣን እርምጃ መጣች። «ምን ተፈጠረ? ሰው ሁሉ ቆሞ እኮ ነው!»

«አትሄድም» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«አትሄድም ማለት?»

«እሜቴ ዛሬ ታማለች። ሰው ይምጣና እዚሁ ግቢ ውስጥ ይያት። ላለመሄዷ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ኃላፊዋ በሰው ፊት ልትናገር የፈለገችውን ዋጠችው፤ ፊቷ ግን ቀላ። ዘበኛው በሮቹን መልሶ ገጠማቸው። አንድ ሕፃን «ለምን አትሄድም?» እያለ ማልቀስ ጀመረ። ሬዲዮ ዝርዝሩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከግድግዳው ጥግ ቆማ ነበር፤ መርፌን አየቻት፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ ምንም አልጠየቀችም። መርፌ ራሷ ነገረቻት፣ ሁሉንም፣ ማጎንበሷን ሳይቀር።

«እኔ መታጠፊያው ላይ ነበርኩ» አለች እናቷ።

«አየሁሽ።»

«እኔ እዚያ ባልኖርስ፣ ታስቆሚያት ነበር?»

መርፌ እሑድን ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ከክፍል ክፍል ስትንጎራደድ ዋለች።

*

ሰኞ ነይ ያላት ሰው የለም፤ ቅሪ ያላትም የለም። ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት የሚወስዳት አውቶቡስ ሲመጣ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ነበር፤ መልሳ አወረደችውና በእግሯ ወደ ወርክሾፑ ሄደች።

ሃምሳ አለቃ ከእሜቴ ፊት በካርቶን ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያዎቹን ብሎኖች እየፈቱ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ዘይት ይቀባሉ፣ ይጠርጋሉ። ሃምሳ አለቃ ቀና ሳይሉ ቁልፍ አቀበሏት።

«ከዚያኛው ጫፍ ጀምሪ።»

ሃያ አራቱ ብሎኖች አንድ ሰዓት ተኩል ፈጁ። የአንዱ አንገት ተቆረጠ፣ አዲሱ ቀለም በየቦታው ተላጠ፤ እያንዳንዱ የተላጠ ቦታ ለመርፌ ቁስል መሰላት። ብረቱ በአራት ሰው ሸክም ሲወርድ የመሪው ዘንግ በቀን ብርሃን ታየ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ዘርግተው ዳዶውን በሁለት ጣት ያዙ። ቁልፍ አላስፈለጋቸውም። አንድ ዙር አዞሩት፣ ግማሽ ዙር ጨመሩ፣ መዳፋቸው ላይ ወደቀ።

ልጆቹ ተጠግተው ከበቧቸው።

ሃምሳ አለቃ መዳፋቸውን እያዩ ቆዩ። «ትከሻዬ አልገባም ብትዪኝ ምን የምልሽ መስሎሽ ነበር?»

«ሌላ ቀጭን ልጅ ፈልጉ የሚሉ መስሎኝ።»

«የነዳጁ ቧንቧ ከየት እንደሚያፈስ በማሽተት ብቻ ያገኘሽው በየትኛው ትከሻሽ ነው?» አሉ። ቁጣ ነበረበት፤ የጠበቀችው ቁጣ አሁን መጣ። «አሥራ አራት ወር ምን ስታዪ ነው የከረምሽው? ብረት ካልገባ ይፈታል! ይኸው፣ ተፈታ! ምን ሆነ?» ድንገት ሳል ያዛቸው፤ ውኃ ሊጠጡ ተነስተው ወጡ።

መርፌ ዓይኗ እንባ እንደሞላ ጎንበስ ብላ ብሎኖቹን መልቀም ጀመረች። ከጎኗ ሌላ እጅ መጣ፣ ብሎን አንስቶ ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። ሬዲዮ ናት። ከዓርብ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«ሰማሽ?» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ። «ኃላፊዋ ጠዋት አስጠርታቸው ነበር። በጽሑፍ አስረዱ አለቻቸው። ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ጻፉ። ያንቺንም የእኔንም ስም አላነሱም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ወርክሾፑን ሌላ ሰው ይይዛል ተብሏል።»

መርፌ የያዘችውን ብሎን አስቀመጠች። «ሌላ ሰው?»

«እስከ ወሩ መጨረሻ መንዳቱም ቀረ። ያገኙት ነገር የለም።» ሬዲዮ አንገቷን ደፋች። «ለማንም እንዳትናገሩ ብለዋል። ትላልቅ ሰዎች ነገሩን ጨርሰውታል፣ እናንተ ትምህርታችሁን ተማሩ ብለዋል።»

ከውጭ የሃምሳ አለቃ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ የቧንቧው ውኃ። መርፌ በመስኮቱ አየች። ከግቢው ማዶ የኃላፊዋ ቢሮ መብራት በርቷል።

«ቢሮዋ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«አንቺ! አትናገሩ ብለዋል እያልኩሽ!»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ አንድ ተኩል» አለች ሬዲዮ። «ግን እኔ... እኔ አሁን አልችልም። እሺ? አሁን አልችልም።»

«እሺ» አለች መርፌ። እውነትም እሺ ማለቷ ነበር።

እጇን በጋዝ ጨርቅ ጠረገች፤ ጥቁሩ ከጥፍሯ ስር አልወጣም። በሌላኛው በር ወጥታ ግቢውን አቋረጠች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ጸሐፊዋ የኮምፒውተሯን ልባስ እያለበሰች ነበር፤ የመርፌን ቱታ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ኃላፊዋን ፈልጌ ነበር» አለች መርፌ።

«ስብሰባ ላይ ናቸው የኔ እመቤት፤ ሲወጡም ወደ ቤት ነው የሚሄዱት። ነገ ብትመጪ አይሻልም?»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥራ አንድ ከሩብ ይላል። ከተዘጋው በር ጀርባ የሰው ድምፅ ይሰማል። ነገ ማለት ቀላል ነበር፤ ነገ ሌላ ነገር ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ሌላ።

መርፌ ወንበሩ በግራሶ እንዳይበላሽ የቱታዋን ጃኬት አውልቃ፣ ገልብጣ አነጠፈችና ተቀመጠች።

«እጠብቃቸዋለሁ» አለች።